ሴቶቹ ያነሱት ቃሬዛ

ባለፈው ሰሞን ከላሊበላ ልትጠይቀኝ የመጣችው ልጄ ስልኳን አውጥታ አንድ ነገር አሳየችኝ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ስሙን ነግራኝ ነበር፣ ጠፋኝ። በሃይማኖት ስም የሚገዙ ሰዎች ባሰለፉት ፖሊስ ፊት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። «ይመልከቱ አባ፣ እንዴት ያሉ ደፋሮች ናቸው! እኛ አገር እንዲህ ያለ መች አለ?» አለችኝ። አለ እንጂ! እኔው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለማንም ሳልናገር ኖርኩ እንጂ።

ደርግ በወደቀ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት ይመስለኛል። የሃያ ዓመት ዲያቆን ነበርኩ፤ ሚስት አግብቼ ለጥር ቅስና ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ። ዳዊቱን በቃሌ ያስያዙኝ የደብራችን መምህር ነበሩ፤ የኔታ ነበር የምንላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ታንጉት ደግሞ ባቄላ ቀቅለው እፍኜን ሞልተው፣ «ብላ፣ ባዶ ሆድ ፊደል አይዝም» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ልጅ አልነበራቸውም። እኔ ነበርኩ ልጃቸው።

የኔታን ያስጠመዳቸው የቤተ ክርስቲያኑ ደን ነው። የደብሩ አለቃ ጽዱንና ወይራውን እያስቆረጡ ወደ ከተማ ይሸጣሉ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ብሏል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ «ይህ የአባቶቻችን መቃብር ጥላ ነው፤ ማን ፈቀደልዎ?» ብለው ጠየቁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ በእኛ ደብር አለቃም አይከሰስም ነበር። አለቃውና የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ አፍ ናቸው፤ ጠዋት አለቃውን የተናገረ ማታ ቀበሌ ይጠራል። የኔታ «ሕዝብ ያሳምፃሉ» ተብለው ሁለት ወር ታሰሩ። እትዬ ታንጉት በሳምንት ሁለት ጊዜ የግማሽ ቀን አቀበትና ቁልቁለት እየሄዱ ስንቅ አመላለሱ። የኔታ ሲፈቱ ሳል ይዘው ወጡ። አለቃው ይቅርታ ይጠይቁኝ አሉ፤ የኔታ እምቢ አሉ፤ ተወገዙ። ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ አረፉ።

የቀብሩ ዕለት አለቃው መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ጠበቁን። ከኋላቸው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሚሊሻዎች አሉ። «ሳይታረቅ የሞተ እዚህ አይቀበርም! ይህን ቃሬዛ ያነሳ፣ ጸሎት ያደረሰለት፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን!»

ወንዶቹ ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው ወደ ኋላ አሉ። አትፍረዱባቸው። የተገዘተ ሰው እሳት እንኳ አይጫጫሩትም፤ ልጁን ክርስትና የሚያነሳለት የለም።

እትዬ ታንጉት ለቅሷቸውን አቆሙ። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ «ወንዶቹ ደክሟችኋል፤ እስቲ ዘወር በሉ» አሉ። በእኛ አገር ሴት አስከሬን ተሸክማ አታውቅም። «ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው!» አለ አንዱ።

«የምን ነውር? እኒህን ሰው ሃያ ስምንት ዓመት ተሸክሜያቸዋለሁ፤ ዛሬ ይከብዱኛል?»

አምስት ሴቶች መጥተው አብረዋቸው አነሱ። አንደኛው ሚሊሻ ጠመንጃውን አቀባበለ። እትዬ ታንጉት ሳይቆሙ፣ «ተኩስ ልጄ። እናትህም ከኋላ አለችልህ» አሉት። እውነትም እናቱ የኋላውን ግራ ተሸክማለች። ልጁ አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ መንገድ ለቀቀ፤ ሴቶቹም ገቡ።

ጉድጓዱ ጠዋት ተቆፍሯል፤ ፍትሐት የሚፈታ ግን ጠፋ። ያኔ እትዬ ታንጉት ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ዳዊቱን ድገምላቸው። ያስተማሩህን ነው።»

አለቃው ያዩኛል። ቅስናዬ በእጃቸው ነው። «ጉሮሮዬን አሞኛል፣ እትዬ» አልኩ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። አመኑኝ ይሁን አላመኑኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴቶቹ የሚያውቁትን አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ደጋግመው አፈሩን መለሱ። ስድስቱም አንድ ሳምንት ቀበሌ ታሰሩ፤ ከቁርባንም ተከለከሉ። እኔ በጥር ቄስ ሆንኩ።

ዓመታት አልፈው፣ አለቃውም ተቀይረው፣ እትዬ ታንጉት ቤቴ መጡ። የኑዛዜ ምስጢር ያወጣሁ እንዳይመስላችሁ፤ ደጃፌ ላይ ቆመው ሰው እየሰማ ነው የተናገሩት። «አባ፣ ያን ጊዜ ግዝት ጥሻለሁ። ሳልሞት ንስሐ ይስጡኝ።» እግራቸው ላይ ወድቄ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን አዲሱ አለቃ አጠገቤ ተቀምጠው ጠላ እየጠጡ ምን እንደምል ይጠብቃሉ። ዳግመኛ ፈራሁ። «አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ ይስገዱ» አልኳቸው።

ሰገዱ። ንጋት ላይ ለኪዳን ስሄድ በሴቶች በር በኩል ግድግዳውን እየተደገፉ ሲነሱና ሲወድቁ አያቸዋለሁ። ጉልበታቸው አብጦ ነበር። በአርባኛው ቀን እጄን ስመው፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባ፣ ቀለለኝ» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እትዬ ታንጉት ካረፉ ቆዩ፤ ፍትሐታቸውን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት የሚከለክለኝ አልነበረምና ምንም አላስፈራኝም። ልጄም፣ «እርስዎስ አባ፣ ሰገዱ?» አለችኝ።

አልሰገድኩም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጉልበቴ እንደ ጎረምሳ ጉልበት ደኅና ነው።