የማቴዎስ ቀይ ጊታር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ «አባዬ፣ ይቺን እያት! የድሮ የኤሌክትሪክ ጊታር ናት፤ መናኸሪያ አካባቢ እየተሸጠች ነው» አለችኝ። ለመዘምራን ጊታር ስትፈልግ ከርማለች። ሳቅ ብዬ መነጽሬን አደረግሁ። ፎቶዎቹን ስታሳልፍ የጊታሯ ጀርባ መጣ። ቀዩ ቀለም ላይ በምስማር የተጫረ «ማ» አለ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ማቴዎስ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ይጫወትና ሲመለስ የተጠበሰ አሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኛል። እኔ አሳውን ስበላ እሱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጊታሯን ይነካካል። ኤሌክትሪክ ላይ ካልተሰካች ድምጿ ከትንኝ አይበልጥም፤ ስለዚህ ጆሮዬን እንጨቷ ላይ ለጥፌ እሰማ ነበር። «እጅህን ጥረግ፣ ዘይት ነው!» ይለኛል። እስካሁን የተጠበሰ አሳ ሲሸተኝ ያ የትንኝ ድምፅ ይመጣብኛል።

ለውትድርና የተጠራው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጊታሯን ግድግዳው ላይ ሰቀለና፣ «ታምራት፣ አደራ። ዝናብ እንዳይነካት» አለኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አባባሉን አውቀዋለሁ፤ ክብደቱን ግን አላውቅም ነበር።

እሱ በሄደ በዓመቱ ጌታን ተቀበልኩ። አዲስ አማኝ ስለነበርኩ ነገር ሁሉ ኃጢአት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ራዲዮ እዘጋለሁ፣ ጎረቤት እገሥጻለሁ። እናቴ፣ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እያለች ትስቅብኛለች። አንድ ቀን፣ የዘፈን ዕቃ ቤታችን ምን ይሠራል ብዬ ጊታሯን ለአንድ መንገደኛ ሙዚቀኛ ሸጥኳት። ገንዘቡን እሑድ መባ ውስጥ ጨመርኩና ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በኩራት ነገርኳቸው።

«ጊታሩ የማን ነበር?» አሉኝ።

«የወንድሜ።»

«ልጄ፣ የሰው ንብረት መባ አይሆንም። ገንዘቡን ውሰድና ሮጠህ አስመልስ።»

ሮጥኩ። መናኸሪያ ስደርስ የዲላው አውቶቡስ ሰውዬውን ይዞ ሄዷል።

ማቴዎስ ከስቶ ተመለሰ። እናቴ የሚወደውን የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ በቅቤ አርሳ አቀረበችለት፤ እሱ ግን ሳይቀምስ ባዶውን ምስማር አየ። «ጊታሬስ?»

«ሌባ ገብቶ…» አልኩ። እናቴ አንገቷን ደፋች።

እሱ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «አይዞህ። አንተን ካልነኩህ ይሁን» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ፈለጋት። ለአዲስ ዓመቱ በዓል ለፍቼ ጉዱማሌ አደባባይ ስንወጣ፣ ባንድ ካለ ሕዝቡን ጥሶ ሙዚቀኞቹን፣ «እስቲ አዙራት፣ ጀርባዋን ልያት» ይላቸዋል። ሰው ይስቅበታል። ሌላ ግዛ ስንለው፣ «የኔዋ አለች እኮ» ይላል። ታሞ ሲተኛ አልጋው አጠገብ ስንት ቀን ተቀመጥኩ! ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ይመለስ ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው።

ትናንት ከልጄ ጋር ሱቁ ሄድን። ሻጩ ወጣት ነው፤ በጨርቅ ወለወላትና ሰጠኝ። ገልብጬ «ማ»ን በጣቴ ዳበስኳት።

«ጋሼ፣ ያውቋታል እንዴ?»

«የወንድሜ ናት።»

«ውይ! ተሰርቃበት ነው?»

ልጄ የአጎቷን ጊታር ሌባ እንደወሰደው እየሰማች ነው ያደገችው። እኔን ቀድማ፣ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች።

«አይ፣ አልተሰረቀችም» አልኩ። «እኔ ነኝ የሸጥኳት።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ቃሉ ይህን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር። ማቴዎስ በሕይወት ኖሮ ቢሰማኝ ምን እንደሚለኝ ግን አውቃለሁ። ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ» ነበር የሚለኝ። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።