ማሽኑ ሲጮህ

አባቴ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸውና፣ ልጄ ከዓረብ አገር ባመጣችው የብረት መፈለጊያ ማሽን ከእርሷ ጋር ጋፋት መንደር ማሳ ላይ የድሮ ሳንቲም ይፈልጉ ነበር። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ግን፣ «ወዲያ በይ ልጄ፤ ከጦርነት የቀረ ቦምብ ቢሆንስ? እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ» ብለው አፈሩን በጣታቸው የሚጭሩት እርሳቸው ነበሩ።

«አባባ፣ ሳንቲሙን ለብቻዎ ሊወስዱ ነው?» ትላቸዋለች።

«አዎ፣ ለሰማዩ ኬላ እከፍልበታለሁ!»

አሁን እርሳቸው የሉም፤ ልጄ ብቻዋን ትወጣለች። «ተይ» ብላት፣ «እማ፣ አባባ እኮ በሕመም ነው የሞቱት» ትለኛለች። ትናንትም ተከትያት ሄጄ ማሳው ዳር ቆምሁ። ማሽኑ ጮኸ። ጠራኋት፤ እጇን አውለበለበችልኝና በአባቴ ቦታ እርሷ ተንበረከከች።