ውሃ የምታሸተው ልጅ

በሬጅስትራር መስኮት የምትሠራው ጸሐፊ ከጧት ጀምሮ ስንቱን ነገረኛ ሸኝታለች፤ እንደዚህች ያለች ግን አልገጠመቻትም። ልጅቷ ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ዓይኗ ግን ለድብድብ የመጣች ያስመስላታል።

«ወደ አካባቢ ጥበቃ ጥናት ከተዛወርሽ የሦስት ዓመት አካውንቲንግሽ አይያዝልሽም። ካንደኛ ዓመት ነው የምትጀምሪው» አለቻት።

«እጀምራለሁ አልኩሽ እኮ!»

ጸሐፊዋ ትብረድ ብላ ውሃ ቀዳችላት። ልጅቷ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፤ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ደግማ አሸተተች።

ጸሐፊዋ ደሟ ፈላ። «እኛም የምንጠጣው እሱኑ ነው! መርዝ የምሰጥሽ መሰለሽ?»

ልጅቷ ውሃውን ባንድ ትንፋሽ ጨልጣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው።

«ቤታችን ከቆዳ ፋብሪካው በታች፣ ወንዙ ዳር ነው፣ እህቴ። እናቴ ሳታሸት ነበር የምትጠጣው።»