ከአልጋችን የሠራሁት የሞተር ማንሻ

ሚስቴ በሕይወት ሳለች የሞተር ማንሻ የሚባል ነገር አስፈልጎኝ አያውቅም። የፊት ጎማ መፍታት ሲኖርብኝ ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቁሜ እጠራታለሁ። መጥታ ከኋላ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ በእሷ ክብደት ኋላው ሲጫን የፊቱ ጎማ ከመሬት ይነሣል። እኔ ስፈታ እሷ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

«ገና ነው?» ትለኛለች።

«አሁን፣ አሁን» እላታለሁ። እንዲህ እያልኳት ግማሽ ቀን የተቀመጠችበት ጊዜ አለ።

የሞተር ጥገና ሙያዬ አልነበረም። የከብት ክትባት ይዤ ከደባርቅ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ በሞተር ስመላለስ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። በዚያ መንገድ ሞተር ሲቆም ባለሙያ ስለማይገኝ ራሴ እየፈታሁ እየገጠምኩ ተማርኩ። ጡረታ ስወጣ ግቢዬ ውስጥ የቆርቆሮ ጥላ ሠርቼ የሚያውቁኝን ሰዎች ሞተር መጠገን ያዝኩ። ልጃችን ባሕር ዳር ትሠራለች። ሚስቴ ስታርፍ ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሞተሩን ኋላ የምጫነው በጆንያ ነበር፤ አሸዋ ሞልቼ በእሷ ቦታ እጭነዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት የፊት ጎማ ፈትቼ በጎኔ ተጋድሜ ስሠራ ጆንያው ተንሸራተተ። ሞተሩ ወደ እኔ ዘመመና ቀኝ እግሬን ተጭኖ ወደቀ። ልገፋው ሞከርኩ፤ አልተነቃነቀም። ቤንዚኑ ከታንከሩ ጠብ ጠብ እያለ ሱሪዬን አራሰው። ጎረቤቶቼን በየተራ ተጣራሁ፤ ሁሉም ገበያ ወጥተዋል። አጥሩ ማዶ አህያ የሚነዱ ሰዎች ሲያልፉ እሰማለሁ፤ እነሱ ግን አይሰሙኝም። እንዲህ እየተጣራሁ ሳለ የሚስቴን ስም ጠራሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ልብ ያልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተጣራሁም።

ያገኘችኝ የሞተሩ ባለቤት ናት። መካነ ብርሃን የእንስሳት ሐኪም ሆና የምትሠራ ወጣት ናት፤ ሞተሯን ልትወስድ እኩለ ቀን ላይ መጣች።

«ኧረ ጋሼ! ምን ሆነው ነው?» ብላ ቦርሳዋን ጣለችና መሪውን ይዛ ሞተሩን አነሣችው። እግሬን ሳብኩ። አልተሰበረም፤ ቁርጭምጭሚቴ ግን አብጦ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«አሁን ነው የወደቀብኝ» አልኳት።

የደረቀውን የቤንዚን እድፍ አየችው። መዋሸቴን አውቃለች፤ አላሳፈረችኝም። «ቤት ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» ብቻ አለችኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው ብቻዎን ሆነው ሞተር ሥር አይግቡ፤ አደራ።»

እግሬ ሲሻለኝ ጎንደር ወርጄ ማንሻ ፈለግሁ። ያገኘሁት ከጉልበት በታች ነው የሚያነሣው፤ ወገቤ ደግሞ ማጎንበስ እምቢ ብሏል። ትንንሽ የብረት እግር ስላለውም ሲሚንቶ ወለል ይፈልጋል፤ የእኔ ግቢ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው። ባዶ እጄን ተመለስኩና በወረቀት መንደፍ ጀመርኩ፤ ሞተሩ የሚወጣበት ረጅም መደብ፣ ከሥሩ ግራና ቀኝ የሚታጠፉ አራት እግሮች፣ ከመሐል የመኪና ክሪክ። ክሪኩ ሲገፋው መደቡ እስከ ወገቤ ይነሣል፤ ከዚያ ወፍራም ብረት ይሸጎርበታል፤ ክሪኩ ቢከዳ እንኳ አይወርድም።

ለመደቡ ጠንካራ ብረት ሳስብ ዓይኔ አልጋው ላይ ዐረፈ። ስንጋባ ያሠራነው የብረት አልጋ ነው፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሰፊ። እሷ ካረፈች ጀምሮ የእኔን ጠርዝ ይዤ ነበር የምተኛው፤ ወደ መሐል ተጠግቼ አላውቅም። ሁለት ሳምንት አየሁት። ከዚያ ፈትቼ በጋሪ ጭኜ ወደ ሰፈራችን ብረት በያጅ ወሰድኩት።

በያጁ ብረቱን እያገላበጠ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ደህና አልጋ ነው። ሰው አይተኛበትም?» አለኝ።

«ለአንድ ሰው ፍራሽ ይበቃዋል። ቁረጠው።»

መነጽሩን አወረደ፤ መልሶ አነሣው። «የራስጌውን ልተወው?» አለኝ። የራስጌው ላይ የብረት አበባ አለበት።

«ተወው» አልኩት።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀን መደቡ ወደ ግራ ጠመመ። በያጁ ከእግር እግር የሚያያይዝ ብረት ጨመረበት፤ ሰፊ ላሜራም ከሥር በየደበት፣ ጭቃው እንዳይውጠው። ከዚያ ሠራ። ሐኪሟ እንደገና ያመጣችውን ሞተር እኔው ብቻዬን አወጣሁት፤ ክሪኩን እየረገጥኩ እስከ ወገቤ አነሣሁት፤ ቆሜ ፈታሁት። ሲያልቅ ዞር አልኩ፤ እዩልኝ የምለው ሰው ፍለጋ መሆኑ ነው። ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም።

ለልጄ በስልክ ነገርኳት። «ማንሻ ሠራሁ» ስላት ደስ አላት። ከምን እንደሠራሁትም ነገርኳት።

«የእማዬን አልጋ?» አለች።

«የእማዬን አልጋ።»

ለፋሲካ መጣች። ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ጥላው ሄደች፤ ማንሻውን በእጇ ዳሰሰችው። የተቆጣ ፊት ጠብቄ ነበር።

«ሳትነግረኝ ለምን ቆረጥከው አባዬ?»

«ብነግርሽ አትቁረጥ ትዪኛለሽ። እኔም እሺ እላለሁ።»

ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ስለ እናቷ ያወራነው ገና ያን ቀን ነው። ሞተሩ ወድቆብኝ እንደነበርም ነገርኳት። የጠራሁትን ስም ግን አልነገርኳትም።

ሦስት ሌሊት ወለሉ ላይ ፍራሽ ጎን ለጎን አንጥፈን ተኛን። በአራተኛው ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። «ባሕር ዳር ና፤ ከእኔ ጋር ሁን» አለችኝ መስኮቱን ከፍታ።

«አስብበታለሁ» አልኳት። እንደማላስብበት ሁለታችንም እናውቃለን።

ስመለስ ከዛሪማ የመጣ አንድ ሞተር የግቢዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ባለቤቱ ቁልፉን ሰጥቶኝ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ጭጋጉ ከተራራው እየወረደ ነበር። ሞተሩን መደቡ ላይ አወጣሁት፣ አሰርኩት፣ ሥራዬን ጀመርኩ።