ኮምፒውተሬን የሞላው የሰው አደራ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ኮምፒውተር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ደሜ ይፈላል። በማን ላይ መናደድ እንዳለብኝ ግን እስካሁን አልለየልኝም። የሰዎቹን ስም ቀይሬ የጻፍኩት አንባቢ ይፍረደኝ ብዬ ነው።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ነው። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ ነው። የሳተላይት ምስሎች እያወረድኩ፣ አረሙ ከዓመት ዓመት የሐይቁን ዳር ምን ያህል እንደሸፈነ በካርታ አወጣለሁ። ሥራዬ ሁሉ ያለው ሳሎናችን ጥግ በተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። እስከ ዓርብ ካላስገባሁ ከዓመቱ ተመራቂዎች ስሜ ይወጣል። እንደገና መመዝገብ፣ እንደገና አማካሪ መለማመጥ ሊመጣ ነው።

ሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ካርታ ልሠራ ስል ፕሮግራሙ ቦታ የለም ብሎ ቆመ። ዲስኩን ባየው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል።

ፊልም ነው ብዬ ፊልሞቹን አጠፋሁ። ዘፈኖቹንም አጠፋሁ። የራሴን ፎቶዎች ሳይቀር እየመረጥኩ ቀነስኩ። ትንሽ ቦታ ተገኘልኝና ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ከሥራ መጥቼ ስከፍተው ተመልሶ ቀይ ነው። እኔ አላበድኩም፤ ማታ የተውኩት ቦታ ቀን ማን በላው?

ቫይረስ ይሆናል ብዬ ማስፈተሽ ጀመርኩ። ፍተሻው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሲያልቅ ደግሞ ምንም አላገኘሁም አለኝ።

ሰፈራችን ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ደወልኩ። ገና ችግሬን ሳልጨርስ «ፎርማት ነው የሚያዋጣሽ» አለ። የእኛ አገር ጠጋኞች ራሱን ለሚያመው ሰውም ፎርማት ሳያዙ አይቀሩም። ጥናቴ ያለበትን ነገር ፎርማት አድርጌ፣ ሁሉን ጠራርጌ አጥፍቼ ምን ልሆን? ስልኩን ዘጋሁበት።

ባለቤቴ ደረጀ በዚህ ሁሉ መሀል «አይዞሽ፣ ይስተካከላል» እያለ ሻይ ያቀርብልኛል። ሳልጠይቀው ዕቃ ያጥባል። በንዴት ባልታወር ኖሮ ያን ጊዜውኑ እነቃበት ነበር።

ረቡዕ የእያንዳንዱን ፎልደር መጠን ደመርኩ። ድምሩ፣ ዲስኩ ተይዟል ከሚለው ግማሹን እንኳ አልሞላም። መሥሪያ ቤት ላለች የኮምፒውተር ባለሙያ ደውዬ ብነግራት፣ «የተደበቀ ነገር ይኖራል፤ የተደበቁትን አሳየኝ በይው» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። ወዲያው አንድ የደበዘዘ ፎልደር ብቅ አለ። ስሙ «የሰው» ይላል።

ከፈትኩት። የእገሌ ልጅ ክርስትና፣ የእገሊት ምርቃት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ፣ ቅልቅል፣ መልስ። ሰፈሩ በሙሉ እኔ ቤት ገብቶ ተቀምጧል።

«ደረጀ! ይህ ምንድን ነው?»

«አደራ ነው» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለምን ደበቅኸው?»

«ስታዪው ትናደጃለሽ ብዬ ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዉ ስልኩ ይሰበራል፣ ፍላሹ ይጠፋል፣ ቪዲዮ አንሺውም አንዴ ካስረከበ ከእሱ ዘንድ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሁሉም «እባክህ ደረጀ፣ አንተ ቤት ይቀመጥልኝ፣ አደራ» እያለ ያመጣል። ደረጀ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ሰኞ እኔ ፎቶዬን አጥፍቼ ያገኘሁትን ቦታ ማክሰኞ ለጎረቤት ሰጥቶታል!

«አሁኑኑ አጥፋው» አልኩት።

«ሴትዮ፣ አደራ በላ ልታሰኚኝ ነው?»

በእኛ አገር አደራ በላ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። ወደ ሌላ እንዳልገለብጠው ያለን ፍላሽ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ማስቀመጫ ያለው የሥራ ባልደረባዬም ለመስክ ወጥቷል። ባለቤቶቹ መጥተው ይውሰዱ ብዬ ደረጀን ሰደድኩት።

መጀመሪያ የመጡት ከጎናችን ያሉት እትዬ አስናቀች ናቸው። ምን እንዳስጨነቀኝ አስረድቼ ስጨርስ «እውነትሽን ነው ልጄ፣ ትምህርት ይቀድማል» አሉ። ከዚያ ከመቀነታቸው ሜሞሪ ካርድ ፈትተው «እንግዲያ ይችን ብቻ ጨምሪልኝ፣ ስልኬ ሞልቶ ነው» አሉኝ። ልስቅ ነው ላለቅስ? ሌሎቹም መጥተው አይዞሽ እያሉኝ ሄዱ። አንድም የወሰደ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ መጡ። ጋሽ ሰይድ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሥራ ላይ ስለነበሩ እጃቸው ቀለም ብቻ ነው። ልብሴ ወንበርሽን ያቆሽሻል ብለው አልቀመጥ አሉ።

«ያስቸገረሽ የእኔው ነው አሉ?»

«የእርስዎ ብቻ አይደለም ጋሽ ሰይድ። ግን ትልቁ እሱ ነው።»

እውነት ነበር። የልጃቸው የረሒማ ሰርግ ነው፤ በሁለት ካሜራ ተቀርጾ፣ ቪዲዮ አንሺው ሳያሳጥረው ከነጥሬው አስረክቦ አገር የለቀቀበት። ከሌላው ሁሉ እሱ ይበልጣል።

«እንግዲያ አጥፊው» አሉ።

«ሌላ ቦታ አለዎት?»

«አለ፣ አለ! ረሒማ ባሏ አገር ማክሰኝት ይዛው ሄዳለች።» ፈራ ተባ ስል ጊዜ ድምፃቸውን ጠንከር አደረጉ። «አደራውን አንሥቻለሁ። በዱንያም በአኺራም አልጠይቅሽም። ሰርጉን እንደሆነ በዓይኔ አይቸዋለሁ። አንቺ ትምህርትሽን ጨርሽ።»

አጠፋሁት። እስኪያልቅ ከኋላዬ ቆመው አዩ። «አለቀ?» አሉኝ። አለቀ አልኳቸው። «ደግ» ብለው ወደ ጀልባቸው ተመለሱ።

ካርታው ተሠራ። ዓርብ አስገባሁ። ተመረቅሁ።

ከወራት በኋላ ለዒድ እንኳን አደረሳችሁ ልል እነጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ። ረሒማ ልጇን አዝላ ከማክሰኝት መጥታለች። ስንጫወት ስለ ሰርግ ተነሣ። «የባሌ ዘመዶች ቪዲዮውን አሳዪን እያሉ ይጨቀጭቁኛል» አለች። «የት ላመጣው? አባቴ በጀልባ ሲሻገር ከነማስቀመጫው ሐይቅ ውስጥ ጣልሁት አለኝ። ከእጁ ምስማር የማይወድቅ ሰው!» አለችና ሳቀች።

ጋሽ ሰይድን ባያቸው ዓይናቸውን ወደ ደጅ አደረጉ። «ሻይ ጨምሩላት እንጂ» አሉ።

በነጋታው ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ያን ስልክ የዘጋሁበትን ጠጋኝ ለመንኩት። የጠፋውን ሰርግ ሲፈልግ ዋለ። «እንዳጠፋሽው ምንም ሳትነኪ ብታመጪው ይገኝ ነበር» አለኝ። «አሁን በላዩ ትልልቅ ነገር ተጭኖበታል።» የተጫነው የእኔ የሳተላይት ምስል ነው። በሙሽሪት ላይ እምቦጭ ዘርቼባታለሁ።

በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ አንድ ጀልባ ገልብጠው ምስማር ይመታሉ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋቸውም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለምን ዋሹኝ?»

መዶሻውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ቀና ብለው አዩኝ። «እውነቱን ብነግርሽ ታጠፊው ነበር?»

«አላጠፋውም ነበር!»

«ታዲያ!»

ለረሒማ እኔው ልንገራት፣ እግሯ ላይ ወድቄም ቢሆን ይቅርታ ልጠይቃት አልኳቸው። «ተይ» አሉኝ። «ሐይቅ ውስጥ ወድቋል ብያለሁ፤ ወድቋል።» ወደ ምስማራቸው ተመለሱ።

እናደዳለሁ። ሁሉን እሺ በሚለው ደረጀ እናደዳለሁ፤ በዚያ አሮጌ ዲስክ እናደዳለሁ፤ ለአንድ ቀን ማስቀመጫ ለምኜ ሳልዞር በመቸኮሌ እናደዳለሁ። ጋሽ ሰይድንም ልቆጣቸው እነሣና ያች «ታዲያ!» ያሏት ቃል ትመጣብኛለች። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ፣ በራስሽ ጥረት ነው ለዚህ የበቃሽው ሲለኝ፣ አመሰግናለሁ ለማለት አፌን ይይዘኛል።