የጋሽ ንባብ ደብተር

ጋሽ ንባብ የሚለውን ስም ያወጣንላቸው እኛ የሕንፃው ነዋሪዎች ነን። ሠላሳ አንድ ዓመት ለመብራት ኩባንያው ቤት ለቤት እየዞሩ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ኩባንያው ኋላ ላይ አንባቢዎቹን አሰናብቶ የየቤቱን ፍጆታ ቢሮ ተቀምጦ መገመት ስለጀመረ፣ ደረጃው ሥር ያለውን የቆጣሪ ሳጥን ከእሳቸው በቀር የሚከፍተው የለም። እሳቸው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ወደ ሥራ ሲወጡ አንድ ጊዜ፣ ሰባት ሰዓት ሲመለሱ አንድ ጊዜ የራሳቸውን ቁጥር አይተው ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሥራ የምለው ጡረታው አልበቃ ብሏቸው የያዙትን ነው፤ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ። ደብተሩ ምን ያደርግልዎታል ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ ቆጣሪ አይዋሽም፤ ከዋሸ እጅ ገብቶበታል።

እኔ የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር አርማለሁ፤ የእኔንና የጋሽ ንባብን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ግድግዳ ለመባል ያህል ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሳንባቸውን ከታመሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው የሚልክ፣ የልብስ ሻንጣ የሚያክል ማሽን አልጋቸው አጠገብ ቆሟል። ሐኪሙ ቀንም ሌትም እንዳይጠፋ ብሏል። ማሽኑ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ በየመሀሉ ደግሞ እፍ ይላል። ልዋሽ አልፈልግም፣ ያን ድምፅ እጠላው ነበር። አንድ ገጽ አርሜ ሳልጨርስ ደጋግሞ እፍ ይልብኛል፣ ያን ጊዜ ቆሽቴ ያርራል። በታመመ ሰው እስትንፋስ የሚናደድ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ከኩባንያው ደብዳቤ የመጣ ቀን ጋሽ ንባብ ይዘውት እኔ ጋ መጡ። በየወሩ የሚከፍሉት ቁርጥ ክፍያ ከመጪው ወር ጀምሮ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ምክንያቱ የተገመተ የፍጆታ ጭማሪ ነው ይላል። ይህ ከጡረታቸው ላይ ከተነሳ የቤት ኪራዩና የእትዬ መድኃኒት እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። እሳቸውን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገባቸው ቃሉ ነበር። ገመቱኝ አሉ። እኔን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበብኩላቸውን ሰው፣ ገመቱኝ።

አብሬያቸው ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። የአዳራሹ ወንበሮች እርስ በርስ በብረት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሰው ሲነሳ ሁሉም ይነቃነቃል። ተራ ቁጥር ይዘን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ የምጮህበት ሰው አገኝ ነበር። የሐኪሙን ማስረጃ አየችና ለበሽታ የሚደረግ ቅናሽ የለንም ብላ በሁለት እጇ መለሰችላቸው። ደብተሩን ሲያሳዩዋት ግን ቆም አለች። ከዛሬ ጀምሮ የሠላሳ ቀን ንባብ ከነፎቶው ያምጡ፣ ከግምቱ ካነሰ ክፍያው ወደ ድሮው ይመለሳል አለቻቸው። ጋሽ ንባብ ከዚያ ሲወጡ ሹመት ያገኘ ሰው መስለው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ቁጥሩን ለእትዬ ጮክ ብለው ሲያነቡላቸው በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፃቸው የደከመ ነበር፤ ግምቱና ቁጥሩ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። አምፖል ቀየሩ፣ ቴሌቪዥን ዘጉ፣ ሻይ የሚፈላው በቀን አንዴ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ መቀነስ ጀመረ። እትዬ ዛሬስ ብለው ይጠይቃሉ፤ እሳቸው ቁጥሩን ይነግሯቸውና ይስቃሉ። ጋሽ ንባብ ሲስቁ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ዝም ማለት ጀመረ። እሳቸው ከወጡ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል እንደገና ያጉረመርማል። ሐኪሙ ዕረፍት ፈቅዶላቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ማለትም ይከብደኛል፤ ተመስገን ብዬ ማረሜን ቀጠልኩ። አንድም ቀን ሄጄ በራቸውን አላንኳኳሁም።

ሠላሳው ቀን ሞላ፤ ልጅቷም ቃሏን ጠበቀች። ክፍያው ወደ ድሮው ተመልሷል የሚለውን ደብዳቤ ይዘው ጋሽ ንባብ በሬ ላይ ቆሙ። በሌላው እጃቸው ለእትዬ የገዙትን ነጠላ ጫማ ይዘዋል። እግራቸው ሰሞኑን አብጦ የድሮው ጫማ አልገባ ብሏቸዋል አሉኝ። ከንፈራቸውም ይጠቁራል፣ ብርዱ ነው መሰለኝ አሉ። እኔም በደስታቸው ላይ ደስታ ልጨምር ብዬ አፌን ከፈትኩ።

“ማሽኑም ጠዋት ጠዋት ማረፉ ሳይረዳዎት አይቀርም” አልኳቸው።

“ምን አልሽኝ?”

“እርስዎ ከወጡ በኋላ ይቆም የለም እንዴ ጋሼ? ሊመጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ነው የሚነሳው።”

ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጡና እንደቆሙ ደብተሩን ገለጡ። ከሰባት ሰዓቱ ቁጥር ላይ የጠዋቱን መቀነስ ነው፣ ሌላ ሒሳብ የለውም። ጣታቸውን ቀን በቀን እያወረዱ ሄዱ። መብራት የሚሰርቀውን ሁሉ የያዝኩት በዚህ ነው አሉ፤ መሄድ ያለበት ቁጥር ቆሞ ሳገኘው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጃቸው ሲጽፉት ኖረዋል፤ እኔ ቤት ከሌለሁ ፍጆታ ይቀንሳል ብለው ራሳቸውን አሳምነዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ ዓይንም እንደዚያው ነው ለካ።

ከዚያ በኋላ በግድግዳው በኩል የሰማሁትን መስማት አልነበረብኝም። ጋሽ ንባብ አልተቆጡም፤ ለምን ብቻ ነው ያሉት፣ ደጋግመው። እትዬ የመለሱትን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረባቸው።

“ቁጥሩን ስታነብልኝ ድምፅህ ይታደሳል። እኔ ሌላ ምን የምሰጥህ አለኝ?”

በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄዱ። ያ ሦስት ሳምንት የእትዬን ልብ አድክሞታል፤ የእግራቸው ማበጥም የከንፈራቸው መጥቆርም ከዚያ የመጣ ነው። ሆስፒታሉ አልጋ የለኝም፣ ተራ ጠብቁ አለ። ትንሹ ማሽን አይበቃቸውም ተብሎ በትልቅ ተቀየረ፣ ትልቁ ደግሞ የትንሹን እጥፍ መብራት ይበላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ጋሽ ንባብ ያን የምሥራች ደብዳቤ ይዘው ራሳቸው ወደ መስኮቱ ሄዱና ያመጣሁላችሁ ንባብ ልክ አይደለም አሉ። ልጅቷ ክፍያዬን ጨምሩ ብሎ የመጣ ሰው አይታ አታውቅም። ጨመረችላቸው። አዲሱ ክፍያ መጀመሪያ ከተገመተውም በለጠ።

ለእኔም ሥራ ሰጡኝ። እሳቸው ቲኬት ሊቆርጡ ሲሄዱ ማሽኑን እንዳዳምጥ፣ ከቆመ እንድደውል። ወንበሬን ግድግዳው ሥር አስጠጋሁ። ሰባት ሰዓት ሲመለሱ ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ ቁጥሩ ብዙ ከሄደ ፊታቸው ይፈታል። ዛሬ ጥሩ በልቷል ይሉኛል። ቁጥሩ ሲጨምር ደስ የሚለው ደንበኛ ኩባንያው ሌላ ያለው አይመስለኝም።

መክፈል ግን አልቻሉም። የመጀመሪያውን ወር ቴሌቪዥኑን ሸጠው ከፈሉ። ሁለተኛውን እኔና የታችኛው ፎቅ ሰዎች አዋጥተን ሞላን። ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚሞላ አልተገኘም። ባለፈው ሳምንት በራቸው ላይ ቀይ ወረቀት ተለጠፈ፤ በሰባት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ መብራቱ ይቆረጣል ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት በሥራ ዘመናቸው ስንት በር ላይ ለጥፈው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እሱን እንኳ አልቆጠርኩም አሉ።

ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ጋሽ ንባብ ሥራ አልሄዱም። መብራት ቆራጮቹ የሚመጡት ጠዋት መሆኑን ያውቃሉ። ደረጃው ሥር፣ ሳጥኑ አጠገብ፣ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሊለምኗቸው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

“እኔው ያሠለጠንኳቸው ልጆች ናቸው፣ ምን ብዬ እለምናቸዋለሁ?” አሉ። “ከመቁረጣቸው በፊት ንባብ ይወሰዳል፣ ደንቡ ነው። እኔ አነብላቸዋለሁ።”

ወደ ቤቴ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተር ማረም አልሆነልኝም። ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ እፍ ይላል፤ እኔም እንዳያቆም እየለመንኩ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ከታች የመኪና በር ተዘጋ። ቀጥሎ ጋሽ ንባብ ቁጥሩን ጮክ ብለው፣ አንድም ሳይሳሳቱ ሲያነቡ ሰማሁ።