«አልበላም» ያልኩበት ፈተና

እንግሊዝኛ መማር የጀመርኩት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ባሌን ብዬ ነው። ባሌ ፈረንጅ እንዳይመስላችሁ፤ «ጉድ ሞርኒንግ»ን ከምሳ በኋላም የሚጠቀም የቡሬ እህል ነጋዴ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራ ስለነበር የምንገናኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ትዳሬ በሚኒባስ ተመላለሰ። በመጨረሻ ቡሬ ያለ አንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ኃላፊ ፈለገና አመለከትኩ። የውጭ አገር ባለሙያዎች ስለሚመገቡበት ግን የእንግሊዝኛ ኮርስ ያለፍኩበትን ወረቀት ካላመጣሽ አሉኝ።

አስተማሪያችን የማንኩሳ ልጅ ነው። ለታናሽ ወንድሜ እንኳ ታናሽ ቢሆን ነው፤ ግን እሱ ዕድሜዬን፣ እኔ መምህርነቱን አክብረን ፊት ለፊት «እርስዎ» እንባባል ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ የወደፊቱን ጊዜና የምግብ ስሞችን አንድ ላይ ያስተምረን ጀመር፤ «ነገ ምን ትበላላችሁ?» እያለ። ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነበርን። የክፍሉ ሰው በየተራ እየተነሳ ነገ ሽሮ እንደሚበላ ተናገረ። እንቁላልና ወተትም እንዲገባበት ሲለምነን አንድ ዲያቆን ብድግ ብሎ፣ በባዕድ ቋንቋም ቢሆን በጾም የፍስክ ምግብ በአፉ እንደማያስገባ አስታወቀ። ከብዙ ክርክር በኋላ የክፍሉ የወደፊት ጊዜ በሙሉ ከፋሲካ እንዲጀምር ተስማማን።

እኔ እንኳ ጎበዝ ነበርኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ለራሴ እያጉተመተምኩ አጠናለሁ። አንድ ቅዳሜ አጠገቤ ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ እናት ምን እንደምደግም ጠየቁኝ። ለፋሲካ ዶሮ እበላለሁ እያልኩ ነው ብዬ ብተረጉምላቸው ዶሮዋን ወደ መስኮቱ በኩል አዛወሯት።

ፈተናው የቃል ነበር። መምህሩ ጋባዥ፣ እኔ እንግዳ ሆነን ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። ዳቦ እበላ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እንግዲህ እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ። በኛ ቤት በመጀመሪያው ግብዣ እሺ ያለ ልጅ ጭኑን ይቆነጠጣል። ስለዚህ «ኖ፣ አይ ዊል ኖት ኢት» ብዬ አንገቴን ደፋሁና «በሞቴ» እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። ወደ ድንች አለፈ። ድንቹንም ጠግቤያለሁ አልኩ። ሩዝ፣ ዓሣ፣ ሙዝ እያለ ቀጠለ፤ ውኃ እንኳ እምቢ አልኩ። ንዴቴ እየመጣ ነበር፤ እንዲህ ያለ ስስታም ጋባዥ በዕድሜዬ አላየሁም።

ወደቅኩ። ለካ እንግዳው መቼ፣ ምን ያህል፣ ከምን ጋር እንደሚበላ መናገር ነበረበት።

«ምነው እትዬ፣ አንድም ነገር ሳይበሉ ቀሩ?» አለኝ።

«ማን ለመነኝ?»

«ፈረንጅ አንዴ ነው የሚጠይቅ። እምቢ ካሉት ሰሀኑን ያነሳል።»

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ቡሬን በገዛ ጨዋነቴ አጣኋት ብዬ እርር አልኩ።

ድጋሚ እንዲፈትነኝ ስለምነው እንደሚያስብበት ነገረኝ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ እሁድ፣ ባሌ እኔ ዘንድ በመጣበት ቀን፣ መምህሬን ምሳ ጠራሁት። ለጉቦ አይደለም፤ ቢሆንም ትንሽ ነው። ዶሮ ወጡን ከነትሪው አቀረብኩ። እሱም የማንኩሳ ልጅ ነውና በልቶ እንደመጣ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ቦታ እንደሌለው ተናገረ።

ትሪውን አንስቼ ወደ ጓዳ ተመለስኩ።

ባሌ ደንግጦ ተከተለኝ፤ በሰው ፊት እንዳዋረድኩት፣ እናቱ ይህን ቢሰሙ እንደማይተርፉ በሹክሹክታ ነገረኝ። ትሪውን እንደያዝኩ ጆሮዬን ወደ ሳሎን ጣልኩ። ከዚያ ጉሮሮ መጠራረግ ተሰማ፤ ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አይ ዊል ኢት።»

ስንት እንቁላል እንደሚፈልግ በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት። ሁለት አለ። በልቶ ሲያበቃ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እዚያው ይፈትነኝ ጀመር። ዳቦ እበላ እንደሆነ ሲጠይቀኝ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ጭኔን ስትቆነጥጠኝ ተሰማኝ። «የስ፣ አይ ዊል» አልኩ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ከዚያ ወዲያ ግን ማን ያቁመኝ፤ ድንቹንም፣ ዓሣውንም፣ ሙዙንም በየሰዓቱ እንደምበላ ዘረዘርኩለት። ባሌ አንድም ቃል ሳይገባው ያጨበጭባል።

ወረቀቱን አገኘሁ። ጓዜን ጠቅልዬ ቡሬ የገባሁ ዕለት ባሌ ራሱ የሠራውን ሽሮ አቅርቦ «ብዪ» አለኝ። የድሮዋ ብሆን ጠግቤያለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ አስለምነው ነበር። የአራት ዓመት ረሀብ ነበረብኝ፤ እጄን ታጠብኩና ቀረብኩ።